የቤዝ ጊታር ፒክአፕ ሽቦ አያያዝና ድምፁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከቱሉ ዲምቱ እስከ የካ አባዶ፣ ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች በየቸርቹ፣ በየሠርጉና በየመለማመጃ ክፍሉ ቤዝ የሚመቱ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አብዛኞቹ ወሬ የሚጀምሩት «ፒክአፕ ልቀይር ወይ?» ብለው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ገና ነህ» ነው። ያለው ፒክአፕ ሽቦው በሌላ መንገድ ሲያያዝ ሌላ ጊታር የተሰቀለ እስኪመስል ድረስ ድምፁ ይለወጣል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ስዊች፣ ትንሽ ሽቦና የተረጋጋ እጅ ነው።

ስለ ሽቦው ከማውራታችን በፊት፣ ፒክአፑ ራሱ ምን ይሠራል?

ማግኔት ዙሪያ የተጠቀለለ፣ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። ዙሩ በሺዎች ይቆጠራል። የብረት ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፣ በጥቅሉ ውስጥም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥቅሉ ኢንደክታንስ አለው፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለዋወጥን ይቃወማል፤ የጊታር ኬብሉ ደግሞ ካፓሲታንስ አለው፣ ማለትም ጥቂት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ላይ ድምፁን ያጎላሉ፣ ጉብታ የምለው ይህን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ግን ይቆርጡታል። ያ ጉብታ ከፍ ሲል ቤዙ ጥርት ይላል፣ የክሩ ጭረት ሳይቀር ይሰማል። ዝቅ ሲል ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። ሽቦ አያያዝ መቀየር ማለት በዋናነት ይህን ጉብታ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ነው።

ሲሪስና ፓራለል ምንና ምን ናቸው?

ሁለት ጥቅሎች አሉ እንበል። የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ሲቀጠል ሲሪስ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ አልፎ ነው በሌላው የሚወጣው። የሁለቱም መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ የሁለቱም መጨረሻ በሌላ በኩል ሲታሰር ፓራለል ነው።

በሲሪስ የሁለቱ ቮልቴጅ ይደመራል። ኢንደክታንሳቸውም ይደመራል፣ ስለዚህ ጉብታው ወደ ታች ይወርዳል። ውጤቱ ጮክ ያለ፣ መሃሉ የሞላ፣ ጫፉ የደበዘዘ ድምፅ ነው። በፓራለል ቮልቴጁ አይደመርም፤ ሁለቱ ጥቅሎች እኩል ከሆኑ ኢንደክታንሱ በግማሽ ይቀንስና ጉብታው ይወጣል። ዝቅ ያለ ግን ግልጽ፣ ክሩ እንደ አዲስ የሚጮህበት ድምፅ ታገኛላችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ወደ 6 ዴሲቤል ይጠጋል፤ በጆሮ በደንብ ይለያል። ስለዚህ በጨዋታ መሃል ከፓራለል ወደ ሲሪስ የምትቀይሩ ከሆነ ሚክሰሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት።

በቴስተር ለማየትም ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው 7.5 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ፒክአፖች በሲሪስ 15፣ በፓራለል 3.75 ኪሎ ኦም ያነባሉ። ሬዚስታንሱ በራሱ ድምፅ አይደለም፤ «የእኔ 12 ኪሎ ነው፣ ያንተ 8 ነው» የሚለው ፉክክር ትርጉም የለውም፤ የሽቦው ውፍረትና የማግኔቱ ዓይነት ቁጥሩን ሁሉ ያዛባዋል። አያያዙን ለማረጋገጥ ግን ከቴስተር የተሻለ ምስክር የለም።

የእኔ ጊታር ከፋብሪካ ሲወጣ በየትኛው ነው የታሰረው?

ከመርካቶም ይግዙት ከውጭ ይላክ፣ እጃችን የሚገባው ቤዝ አብዛኛው የሦስት ጊታሮች ቅጂ ነው።

ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 ሲወጣ አንድ ጥቅል ብቻ ነበረው። በ1957 ፒክአፑ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ግማሽ ለወፍራሞቹ ኢና ኤ ክሮች፣ ሌላው ለቀጫጭኖቹ ዲና ጂ። ሁለቱ ግማሾች በሲሪስ የታሰሩ ናቸው፣ ማግኔታቸውና የጥቅላቸው አቅጣጫም ተቃራኒ ስለሆነ የመብራቱን ጉምጉምታ እርስ በርስ ያጠፋፋሉ። ያ የታወቀ ወፍራም መሃል የሚመጣው በከፊል ከዚህ ነው።

በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ሁለት የተለያዩ ነጠላ ፒክአፖች አሉት፤ በፓራለል ይሠራሉ። ሦስተኛው ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ነው፤ በ1976 የወጣ፣ አንድ ትልቅ ሃምባከር (ጉምጉምታ የሚያጠፋፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለው፣ ሁለት ጥቅሎቹ በፓራለል የታሰሩና ወደ አክቲቭ ፕሪአምፕ (ጊታሩ ውስጥ ወዳለ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ) የሚገቡ። የቅጂ ጊታር ገዝታችሁ «መልኩ ስቲንግሬይ ነው ድምፁ ግን አይመስልም» ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ጥቅሎቹ በሲሪስ መታሰራቸውን ነው። ርካሽ ቅጂዎች ላይ የተለመደ ነው።

ጃዝ ቤዝ ላይ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ስከፍት መሃሉ ለምን ይጎድላል?

ሁለቱ ፒክአፖች አንዱን ክር በሁለት ቦታ ነው የሚያዳምጡት። አንዱ ጋ ወደ ላይ የሚሄደው እንቅስቃሴ ሌላው ጋ ወደ ታች የሚሄድባቸው ሃርሞኒኮች (ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች) አሉ፤ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። የሚጎድሉት በብዛት መሃሉ ላይ ያሉት ናቸው። ብልሽት አይደለም፣ ጊታሩ የሚታወቅበት ጠባይ ነው፤ በአውራ ጣት ለሚመቱት ደግሞ ሀብት ነው።

አንዱን ቮልዩም ትንሽ መለስ ስታደርጉ መሃሉ ይመለሳል። ግን ጉምጉምታውም አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱ ሚዛን ላይ ካልሆኑ ሙሉ በሙሉ አይጠፋፉምና። በሰፈራችን መብራት ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ጃዝ ቤዜ ላይ የሲሪስና የፓራለል ስዊች እንዴት ላስገባ?

ለእኔ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ለውጥ ነው። ጃዝ ቤዝ በሲሪስ ሲታሰር ወደ ፕሪሲዥን የሚጠጋ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጉምጉምታም የለበትም፣ ስዊቹን ስትመልሱት ደግሞ የድሮው ጃዝ እዚያው አለ።

ስድስት እግር ያለው ባለ ሁለት ቦታ ስዊች ያስፈልጋል። ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ የሚገኘው ትንሹ ይሠራል፤ ጊታሩን መብሳት ካልፈለጋችሁ ደግሞ ቶኑን አውጥታችሁ ተጎትቶ የሚወጣ ስዊች ያለበት ፖት (ቮልዩምና ቶን የሚዞርበት ክፍል) ተኩበት። ስድስቱ እግሮች በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቆሙት፤ መሃለኛው እግር ወይ ከላዩ ወይ ከታቹ ጋር ይገናኛል።

የአንገት ፒክአፑን የግራውንድ (የመመለሻ) ሽቦ ከፖቱ ጀርባ ንቀሉትና የመጀመሪያው ረድፍ መሃለኛ እግር ላይ አስሩት። የዚያን ረድፍ የላይ እግር ወደ ግራውንድ ውሰዱ። የብሪጅ ፒክአፑን (ክሮቹ ከሚታሰሩበት ጎን ያለውን) ዋና (ድምፅ የሚያወጣውን) ሽቦ ከራሱ ቮልዩም ንቀሉና የሁለተኛው ረድፍ መሃለኛ እግር ላይ አድርጉ። የዚህን ረድፍ የላይ እግር ሽቦው ወደተነቀለበት የቮልዩም እግር መልሱ። ቀሪዎቹን ሁለት የታች እግሮች እርስ በርስ በአጭር ሽቦ አገናኙ። በቃ። የአንገቱ ዋና ሽቦና የብሪጁ ግራውንድ አይነኩም።

መሃለኛው እግር ከላዩ ጋር ሲገናኝ ጊታሩ እንደ ፋብሪካው ነው። ከታቹ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ፒክአፖች ተቀጥለው እንደ አንድ ፒክአፕ ይሆናሉ፤ የአንገቱ ቮልዩም ዋና ቮልዩም ይሆናል፣ የብሪጁ ቮልዩም ምንም አይሠራም። «ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ጨርሳችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ኬብሉን ሰክታችሁ በሌላኛው ጫፍ ቴስተር አድርጉበት፣ ሁሉም ቮልዩም ክፍት ሆኖ። ለጃዝ ዓይነት ፒክአፕ ፓራለሉ ከ4 ኪሎ ኦም ትንሽ ያነሰ፣ ሲሪሱ 13 አካባቢ ቢያነብ ልክ ናችሁ። ከሒሳቡ ትንሽ የሚያንሰው ፖቶቹ አብረው ስለሚለኩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንገት ፒክአፑ የብረት ሽፋን ወይም ከሥሩ የብረት ሳህን ካለውና ግራውንዱ ከዚያ ብረት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለይታችሁ ለብረቱ የራሱን የግራውንድ ሽቦ ስጡት። አለበለዚያ በሲሪስ ጊዜ ያ ብረት አንቴና ይሆናል።

ለእኛ ሙዚቃ የትኛው ይሻላል?

ጣዕም ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን አቋም አለኝ።

የኢ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። በየአዳራሹ የቆመው ሞንታርቦ፣ በተለይ አርጅቶ ኮኑ የለሰለሰው፣ ያንን አያወጣውም። አድማጩ የሚሰማው ከላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች ነው፤ ጆሮው ከነሱ ተነስቶ ወፍራሙን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቤዝን የሚያሰማው መሃሉ ነው። ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ የመታቸውን መስመሮች በትንሽ ቴፕ ሪከርደር ያዳመጠ ሰው የቤዙን ዜማ እያንጎራጎረ ይከተል የነበረው ያ ትንሽ ስፒከር 41 ኸርዝ አውጥቶ አይደለም።

በላዩ ላይ ደግሞ ከበሮው ታችኛውን ቦታ ይይዛል፣ የኪቦርዱ ግራ እጅም አያርፍም። በችክችካ ምት፣ ከበሮና ኪቦርድ ባሉበት፣ ሲሪስ ያሸንፋል። ቤዙን በቮልዩም ሳይሆን በመሃሉ ታስገቡታላችሁ። ሰዎች ከዚህ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፦ ቤዙ አልሰማ ሲል ሚክሰሩ ላይ ታችኛውን ኢኪው ይገፋሉ፣ ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ዜማው ግን ያው እንደጠፋ ነው።

ፓራለሉ የሚያምረው ቦታ ሲኖር ነው። ክራርና ቤዝ ብቻ ሲሆኑ፣ ቀስ ባለ አንቺሆዬ ወይም አምባሰል ቤዙ ከድምፃዊው ጋር ሲመላለስ፣ ወይም ስቱዲዮ ገብታችሁ መሃሉን በኋላ ለመጨመር ስትፈልጉ። ክራችሁ ያረጀ ከሆነም ፓራለል ትንሽ ሕይወት ይሰጠዋል። ያረጀ ክር በየትኛውም ሽቦ አዲስ አይሆንም እንጂ።

ሃምባከሬ አራት ሽቦ አለው። ስፕሊት ላድርገው?

አራት ሽቦ ማለት የሁለቱም ጥቅል ሁለት ሁለት ጫፍ ወጥቶላችኋል ማለት ነው፤ በተጨማሪ ያለው መሸፈኛ የሌለው ሽቦ የሺልዱ (ከውጭ ጫጫታ የሚከላከለው ብረት) ግራውንድ ነው። ሲሪስ፣ ፓራለል ወይም አንዱን ጥቅል ብቻ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ስፕሊት የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ስፕሊትን አልመክርም። አንዱን ጥቅል ስታጠፉ ጉምጉምታ የሚያጠፋፋውንም አጋር አጠፋችሁ። ፓራለል ከስፕሊት ጋር የሚቀራረብ ጥራት ይሰጣል፣ ጉምጉምታውን ግን እንደያዘ ይቆያል። እንደኛ ሰፈር ባለ መብራት ይህ ምርጫ አያከራክርም።

የሽቦ ቀለም ግን ይጠንቀቁ። ሲሞር ዳንከን ላይ ጥቁሩ ዋና፣ አረንጓዴው ግራውንድ፣ ቀይና ነጩ የሚቀጠሉት ናቸው። ዲማርዚዮ ላይ ቀዩ ዋና፣ አረንጓዴው ግራውንድ፣ ጥቁርና ነጩ የሚቀጠሉት። ያው ቀለም፣ ሌላ ትርጉም። ስም የሌለው ፒክአፕ ከሆነ ቀለሙን እርሱትና በቴስተር የትኛው ከየትኛው ጋር ጥንድ እንደሆነ ፈልጉ።

«ምምምም» የሚለው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው? ሰፈር ስቀይር ለምን ይብሳል?

መብራታችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦና ትራንስፎርመር ሁሉ በ50 ኸርዝ የሚርገበገብ መስክ ይረጫል፤ ነጠላ ጥቅል ያንን ከክሩ ድምፅ ለይቶ አያውቅም፣ ይቀበለዋል። የኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 49 ኸርዝ ነው። 50 ኸርዝ ከእሱ የሩብ ቶን ያህል እንኳ ሳይሞላ ሸርተት ያለ ነው። ትዝታን ከጂ ተነስታችሁ ስትመቱ አንድ ያልተቃኘ ቤዝ ከሥር አብሯችሁ እየዘፈነ ነው ማለት ነው። በሌላ ቁልፍ ጉምጉምታው ያን ያህል አይረብሽም፤ በጂ ጊዜ ሙሉ ባንዱ ቅኝት የሳተ ይመስላል።

ዳር ሰፈር የሚብስበት ምክንያት አለው። መለማመጃው ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት በረጅም ሽቦ የተሳበ መስመር ያለው የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ በርና መስኮት የሚበይድ ብረታ ብረት ቤት ነው። የብየዳ ማሽኑ ትራንስፎርመር ሲጫን መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቤዙም አብሮ ያጉረመርማል።

ከመበየዳችሁ በፊት ግን የትኛው ጉምጉምታ እንደሆነ ለዩ። ቆማችሁ ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። አቅጣጫ ስትቀይሩ ከፍና ዝቅ ካለ መግነጢሳዊ ነው፤ መድኃኒቱ ሁለት ጥቅል ተቃራኒ አድርጎ ማሰር ነው፣ ወይም ከትራንስፎርመሩ መራቅ። ስትዞሩ የማይለወጥ፣ ይልቅ «ዝዝዝ» የሚል ሆኖ እጃችሁ ክር ሲነካ የሚቀንስ ከሆነ የሺልድ ጉዳይ ነው። ክር ስትነኩ የሚጨምር ከሆነ ጃኩ (ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ) ላይ ዋናውና ግራውንዱ ተገለባብጠው ሊሆን ይችላል።

ውስጡን በፎይል ብለብጠው ጉምጉምታው ይጠፋል?

«ዝዝዝ»ው አዎ፣ «ምምምም»ው አይጠፋም። ፎይል ወይም የመዳብ ቴፕ የኤሌክትሪክ መስክን ያግዳል፤ የ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስክ ግን በስስ መዳብ ያልፋል። ስትለብጡ ቁርጥራጮቹ ሁሉ እርስ በርስ መገናኘታቸውንና ከግራውንድ ጋር መያያዛቸውን በቴስተር አረጋግጡ። ከግራውንድ ያልተያያዘ ፎይል ጌጥ ነው። ከጃኩ ጫፍ ጋር እንዳይነካካም ተጠንቀቁ፤ ያኔ ድምፅ ጭራሽ አይወጣም።

ማይክ ከንፈሬን ሲነካኝ ይነዝረኛል። ከፒክአፑ ነው?

አይደለም፤ አትቀልዱበትም። ክሮቹ በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ቻሲ (የብረት አካል) ጋር የተያያዙ ናቸው። ሶኬቱ ጀርባ የግራውንድ ሽቦ ከሌለ፣ ወይም አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ከተለያየ መስመር ከተሰኩ፣ በክሩና በማይኩ መካከል ቮልቴጅ ሊፈጠር ይችላል፣ የእናንተ ሰውነት ደግሞ ድልድይ ይሆናል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ክር ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ ያዙ። በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ካሳየ ሁለቱን አንድ ላይ አትንኩ።

አምፕሊፋየሩንና ሚክሰሩን ከአንድ ዲቫይደር ስኩ፤ የዲቫይደሩ የግራውንድ ብረት በትክክል የሚነካ ይሁን። «ጉምጉምታ ይቀንሳል» ብሎ የግራውንዱን እግር የሚቆርጥ ሰው ካለ አስቁሙት። ለዘለቄታው ግን ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ለክፍሉ ግራውንድ ማስቀበር ነው። ጊታር የሚበይድ ሰው የቤቱን መስመር አይነካካ።

ሁለቱን ፒክአፕ አብሬ ስከፍት ድምፁ ይቀጥናል፣ ቤዝ ቤዝ አይልም። ለየብቻ ደህና ናቸው።

ፌዛቸው (የኤሌክትሪካቸው አቅጣጫ) ተገለባብጧል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋፋል። ከአንዱ ፒክአፕ ሁለቱን ሽቦዎች ቦታ አቀያይሩ፤ ከላይ ስለ ብረት ሽፋን ያልኩትን ሳትረሱ።

ሳትገምቱ ለማወቅ፦ ቴስተሩን በኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ ቀዩን በዋናው ሽቦ፣ ጥቁሩን በግራውንዱ ያዙ። ካቻቪት ማግኔቱ ላይ አሳርፋችሁ በፍጥነት ንቀሉት። ቁጥሩ ለቅጽበት ወይ ይዘላል ወይ ይወርዳል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። አቅጣጫቸው አንድ ከሆነ ፌዛቸው አንድ ነው። ፌዛቸው ተስተካክሎም ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ጉምጉምታው ካልጠፋ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማግኔት አቅጣጫ አላቸው ማለት ነው። ለየብቻ የተገዙ ፒክአፖች ላይ ይኼ ያጋጥማል፤ በሽቦ አይስተካከልም።

አንዱን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ስዘጋ ጊታሩ ጭራሽ ዝም ይላል።

ፖቱ ላይ ሁለት ሽቦ ተቀያይሯል። በጃዝ አያያዝ የፒክአፑ ዋና ሽቦ መሃለኛው እግር ላይ ነው የሚገባው፣ ወደ ጃክ የሚሄደው ከዳሩ ይወጣል። ሲዘጋ ያ ፒክአፕ ብቻ ወደ ግራውንድ ይወርዳል። ከተገላበጠ ግን የጋራው መውጫ ራሱ ግራውንድ ይሆናል፣ ሌላውንም ይዞ ይጠፋል። ሁለቱንም ፖት አስተካክሉ።

ፖትና ካፓሲተር ብቀይርስ?

ፖት፦ ለነጠላ ጥቅል 250፣ ለሃምባከር 500 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው። 500ው ጫፉን ይከፍታል፣ 250ው ያለሰልሳል። አክቲቭ ፒክአፕ፣ ለምሳሌ ኢኤምጂ፣ 25 ኪሎ ኦም ይፈልጋል፤ ያንን አውጥቶ ለተራ ፒክአፕ ያሰረ ሰው ድምፁ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ይሆንበታል። ስትገዙ ለቮልዩም ሎጋሪዝሚኩን ብትመርጡ አዟዟሩ ለጆሮ እኩል ይመስላል።

ካፓሲተር፦ ቤዝ ላይ የሚበዛው 0.047 ማይክሮፋራድ ነው፤ ላዩ ላይ 473 ተብሎ ይጻፋል። 223 የሚለው 0.022 ነው፣ ቶኑን ስትዘጉት ትንሽ ይቆርጣል። 104 የሚለው 0.1 ነው፣ አጥብቆ ያደበዝዛል። የትኛውም ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ አለ። በውድ ዋጋ «ቪንቴጅ ካፓሲተር» የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ለክር አውሉት፤ ልኩ አንድ ከሆነ፣ ቶኑም ክፍት ከሆነ፣ ልዩነት የሚሰማ ጆሮ አላጋጠመኝም።

አክቲቭ ይሻላል ወይስ ፓሲቭ?

ፓሲቭ ቶን መቁረጥ ብቻ ነው የሚችለው። አክቲቭ ፕሪአምፕ ይጨምራልም ይቀንሳልም፤ ረጅም ኬብል ጫፉን እንዳይበላውም ይረዳል። ግን የጥቅሎቹን አያያዝ አይተካም፣ የተቀበለውን ነው የሚያጎላው፤ ጉምጉምታ ከተቀበለ እሱንም።

ባለ 9 ቮልት ባትሪው የሚበራው ኬብል ሲሰካ ነው። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ንቀሉ፤ ተሰክቶ የሚያድር ጊታር ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ድምፁ መሰባበር ከጀመረ ፒክአፑን ከመውቀሳችሁ በፊት ባትሪ ቀይሩ።

ፕሪሲዥንና ጃዝ ፒክአፕ አብሮ ያለው ጊታር ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ለምን ይጎመጉማል?

የፕሪሲዥኑ ሁለት ግማሾች እርስ በርሳቸው ጨርሰዋል፣ ለጃዙ አጋር የሚሆን የተረፈ የለም። ጃዙ በተከፈተ ቁጥር ጉምጉምታው አለ። በጃዙ ቦታ በራሱ ጉምጉምታ የሚያጠፋ፣ ውስጡ ሁለት ጥቅል ያለው ጃዝ መሰል ፒክአፕ ማስገባት ነው መፍትሔው። ፒክአፕ ግዙ ብዬ የምመክርበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ከአንዱ ፒክአፕ ድምፅ አይወጣም። ሞቷል?

ሳትፈቱት እወቁ። ጊታሩ ፓሲቭ፣ ሁለት ቮልዩም ያለው ከሆነ ኬብሉን ሰክታችሁ የተጠረጠረውን ብቻ ሙሉ ክፈቱ፣ ሌላውን ዝጉ፣ ቴስተሩን 200 ኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ የኬብሉን ጫፍ ለኩ። 7 ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበበ ፒክአፑ ደህና ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዜሮ ከሆነ የሆነ ቦታ ግራውንድ ነክቷል። ፖቶቹ 250 ሆነው 125 አካባቢ ካነበበ ያያችሁት ሁለቱን ፖቶች ነው፤ ጥቅሉ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል።

ያኔም አትጣሉት። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቀጭኑ ሽቦ ከወፍራሙ ጋር የተበየደበት ጥግ ላይ ነው። በአጉሊ መነጽር ጫፉን ካገኛችሁት ላዩ ላይ ያለውን መሸፈኛ በሚሞቅ መበየጃ አቅልጣችሁ መልሳችሁ ማሰር ይቻላል። ጫፉ ጥቅሉ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ ግን እንደገና የሚጠቀልል ሰው መፈለግ ነው።